ስምንት ማይል፣ ከቀኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2012

ከፖቶማክ ወንዝ ወዲያ ማዶ ለምትኖረው፣ የሰው ዐይን እያቃናህ የራስህን ምላስ ማቃናት ላቃተህ ለዓብዩ፤

ጤናህን አልጠይቅም። ጉንፋን እንደያዘህ ባለቤቴ ሸዋዓለም ከሚስትህ ሰምታ ነግራኛለች። ማር በሎሚ ጠጣ። ይህን ስልህ ግን ይቅር ብዬሃለሁ ማለቴ አይደለም።

ደብዳቤህ ሃያ ማይል ለመምጣት አራት ቀን ፈጅቶበታል፤ በዚያ በተጨናነቀው ቀለበት መንገድ፣ በቤልትዌይ መጥቶ መሆን አለበት። «ድምፅ ለድምፅ ሳንሰማማ እስከ መቼ?» ብለሃል። እስከ ዘለዓለም ነዋ! በወዳጃችን በዘሪሁን አርባ፣ የሕይወት ታሪኩን ላነብ ወረቀቴን ይዤ ስቆም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት «በምላስህ ገድለኸው ታሪኩን ደግሞ አንተ ታነባለህ?» ያልከኝ አንተ ነህ። «የዚህን ሰው ድምፅ ዳግም ብሰማ የዘሪሁን ነፍስ ትፋረደኝ!» ብዬ የማልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በሞተ ወንድም ነፍስ የተማለ መሐላ እንደ ስልክ ኮንትራት በሁለት ዓመት አያልቅም። የንስሐ አባቴን አባ ወልደአምላክን ብጠይቃቸው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «የማልከው በድምፅ ነው፤ ጽሕፈትን አላነሣህም» አሉኝ። ይኸው እጽፋለሁ። በስድሳ ዓመቴ እንደ ኮረዳ ፖስታ ሳጥን ስጠብቅ እውላለሁ።

የነፋስ መለኪያ ለምን እንደምፈልግ ጠይቀሃል። አብረን ነበርን፤ ግን ግድ የለም፣ በጽሑፍ ይኑርህ። ባለፈው ሴፕቴምበር ዌስት ቨርጂኒያ ተኩስ ሜዳ ላይ ሦስታችን ነበርን። የዒላማው ብረት አንድ ሺሕ ያርድ ላይ ተሰቅሏል። ዘሪሁን እንደ ወትሮው በቀኜ ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተኛ። ደለስ ኤርፖርት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሻንጣ ሲጭን ያ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየው ከረጢት ከራሱ በላይ ሲወዛወዝ የኖረ ሰው ነው፤ የሜዳውን ባንዲራ አይቶ ነፋሱን በሰዓት ስንት ማይል እንደሆነ በቁጥር ይጠራልናል። «ስምንት ማይል፣ ከቀኝ። ጠብቅ… አሁን» አለኝ። ባለኝ ልክ አርሜ ተኮስኩ። ጥይቱ ከብረቱ በስተግራ አፈር ላሰ። ሦስቴ ተኮስኩ፤ ሦስቴም እዚያው። ተነሣሁና በሰው ሁሉ ፊት «ዐይንህ ሞቷል። ከዛሬ ጀምሮ ማሽን እገዛለሁ፤ አንተ ሻንጣህን ጫን» አልኩት። ምንጣፉን ጠቀለለ። መኪናዬ ውስጥ ከተተው። በስምንት ሳምንቱ ሥራ ቦታው ላይ፣ እዚያው ከረጢት ሥር ወደቀ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። አንተ የእኔ የንጉሡ ምላስ ነው አልክ።

ማወቅ ያለብኝ አንድ ነገር ነው። ዘሪሁን ያን ቀን ልክ ነበር ወይስ ተሳስቶ? ተሳስቶ ከነበረ እኔ ባለጌ ብቻ ነኝ፤ እሱን ሸዋዓለምም ታውቀዋለች። ልክ ከነበረ ግን ስሙን ገፍፌ ቀብሬዋለሁ፤ ኖቬምበር ላይ በሙት ዓመቱ፣ በባለቤቱ በእታለማሁና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ስሙን መመለስ አለብኝ። «የሜዳው ባንዲራ እኩሌታ ሲነሣ ስምንት ነው» ይለን ነበር፤ ያን ቀንም እኩሌታ ነበር። መለኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ባንዲራው እኩሌታ ሲነሣ ቁጥሩን አያለሁ፤ በቃ።

ሌላም አለ። ጠመንጃ ይዤ በተኛሁ ቁጥር በቀኝ ጆሮዬ «ጠብቅ…» ይለኛል። «አሁን» ግን አይልም። ከሴፕቴምበር ወዲህ አንዲት ጥይት አልተኮስኩም።

ርካሹን ንገረኝ። ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ሳይቀር አስልቶ የሚናገር የስድስት መቶ ዶላር አለ አሉ፤ ለእኔ ነፋሱን ብቻ ይንገረኝ።

ድምፅህን የማይሰማው፣
ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ ማርች 3 ቀን 2012

ለወንድሜ ለንጉሡ፤

ማር በሎሚው ጠቅሞኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። በአርባው ስላልኩት ነገር በየቀኑ ራሴን እወቅሳለሁ። ሐዘን ነው ያናገረኝ። ሌላም ነገር ነበረበት፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

መለኪያ ያልከውን አጣርቻለሁ። በየቀኑ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ መነጽር እያስለካሁ «ይኼ ይሻላል ወይስ ያ?» የምል ሰው ነኝና ለአንተም እንደዚያው ላድርግ። አንደኛው በመዳፍ የሚያዝ ነው፤ ራሱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማራገቢያ አለችው። ርካሽ ነው። ግን ፊቷን በቀጥታ ወደ ነፋሱ ካላዞርክላት እንደ ኩሩ ሙሽራ ታኮርፋለች፤ አሳንሳ ነው የምትነግርህ። ሁለተኛው ሦስት ጽዋ በዘንግ ላይ የተሸከመ ነው። ነፋሱ ከየትም ይምጣ ይዞራል፤ ኪስህ ከተትከው ግን ከሦስቱ አንዱ ይሰበራል። ሦስተኛው በስልክህ የማዳመጫ ቀዳዳ የሚሰካ ነው፤ ልጅህ ሂዊ ስትደውልልህ ነፋሱ ይቋረጣል።

ዋናው እንከን ግን የሁሉም ነው። የሚለኩት አንተ የቆምክበትን ነፋስ ነው። ጥይትህ ግን አንድ ሺሕ ያርድ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ሸለቆ አለ፣ ከሸለቆው ወዲያ ሌላ ነፋስ ይኖራል። ዘሪሁን ሣሩንም፣ ቅጠሉንም፣ ከመሬት የሚርገበገበውን ሙቀትም አንድ ላይ አይቶ ነበር የሚፈርደው። ይህን ማሽን አይችልም።

ስለዚህ ባትገዛ ይሻላል። ሙት ወቃሽ አትሁን፤ የሞተን ሰው በባትሪ አትመርምረው።

ዓብዩ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2012

ለአማካሪዬ፤

አትግዛ ያልከውን ምክር በአክብሮት ተቀብዬ ገዛሁ። ባለማራገቢያዋን ነው። ከሸዋዓለም የፋሲካ ጫማ ባነሰ ዋጋ መጣች። ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ትንሳፈፋለች፤ ማራገቢያዋ ብትጎዳ በአውራ ጣት ገፍቶ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አፓርትመንት እንደጠገንኩ ሰው፣ ክፍሉ የሚቀየርለት ዕቃ እወዳለሁ። ሸዋዓለም ሳጥኑን አገላብጣ አይታ «ነፋስ ለመለካት ገንዘብ ከፈልክ? ምላስህን የሚለካ አልነበራቸውም?» አለችኝ። አልነበራቸውም አልኳት።

«ሜዳው ሄድክ ወይ? ቁጥሩ ስንት አለ?» ላልከው መልሱ፣ አልሄድኩም ነው። ለምን እንዳልሄድኩ ልጽፍልህ ሁለት ሳምንት ብዕር አንሥቼ አስቀምጫለሁ። አሁንም የምነግርህ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነው። እንዳትስቅ፤ ብትስቅም አይሰማኝም።

የዘሪሁን ምንጣፍ ያን ቀን እኔ መኪና ውስጥ ቀርቶ ነበር። እንደተጠቀለለ ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ አግዳሚ ላይ አለ። መለኪያዋን አብርቼ አጠገቡ አስቀመጥኩና ወደ ላይ ወጣሁ። ስመለስ ትዞራለች። ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ነው፣ መስኮት የለም፣ በሩ ዝግ ነው። ቁጥሩን አየሁ። ስምንት።

ሂዊ ከላይ «ዳዲ፣ ቬንቱ ነው፤ ሪላክስ» አለችኝ። የአየር ማስገቢያ ቬንት ለኔ! ቬንቱን በቴፕ አሸግሁት። ማሞቂያውን ከነግድግዳው ማብሪያ አጠፋሁ። በበሩ ሥር ፎጣ ወተፍኩ። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ስምንት። ከምንጣፉ በስተግራ አዞርኳት፤ ዜሮ። ወደ ቀኝ መለስኳት፤ ስምንት።

የፈራሁ መስሎህ እንዳይሆን። ፈርቻለሁ። አሁን ሳቅ።

ያን ቀን አንተ ከኋላችን ቁጭ ብለህ ነበር። ምን አየህ? ምንም ነገር ቢሆን ጻፍልኝ።

ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ ሜይ 26 ቀን 2012

ለንጉሡ፤

«ላክልኝና ልፈትሻት» ብዬ በጻፍኩልህ መሠረት መለኪያዋ ደርሳኛለች። በካልሲ ጠቅልለህ መላክህ ትክክል ነው፤ ካልሲው ቢታጠብ ደግሞ ይበልጥ ትክክል ይሆን ነበር።

አልሳቅኩም።

ወንዙ ዳር ወስጄ ሞክሬያታለሁ። ችግሯን አግኝቻለሁ። ማራገቢያዋ ትከብዳለች፤ ስለዚህ ታሳንሳለች። ስምንት ስትል እውነተኛው ነፋስ አሥራ አንድ ነው። ይህ ማለት፣ ባንዲራው እኩሌታ ሲነሣ ስምንት ብታሳይህ እንኳ አሥራ አንድ ነው ማለት ነው። ከቀኝ የሚመጣን አሥራ አንድ ስምንት ብሎ የጠራ ሰው ጥይትህን ወደ ግራ ይወስድብሃል። ወደ ግራ አይደል የሳትከው? እንግዲህ ዘሪሁን ተሳስቷል። ሰው ነው፤ ይሳሳታል። አሁን ልብህ ይረፍ። እሷ እኔ ጋ ትቆይ።

ቤዝመንትህ ያረጀ ቤት ቤዝመንት ነው፤ ግድግዳው ነፋስ ያስገባል።

ያን ቀን ምን አየህ ላልከኝ፣ ፀሐይ ዐይኔ ውስጥ ነበረች።

ዓብዩ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጁላይ 14 ቀን 2012

ለዓብዩ፤

ከበሽታዬ ፈውሰኸኛል ማለት ነው። ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። በሕግ ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ንፁሕ ነኝ፣ ማስረጃ አለኝ፣ ባለሙያ መስክሮልኛል። ሸዋዓለምን «እንኳን ደስ አለሽ በይኝ» ብላት «ፊትህ የተፈረደበት ሰው ፊት ነው» አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ የጥገና ሰው ጭንቅላቴ አልቀበል አለ። ማራገቢያዋ ከብዳ የምታሳንስ ከሆነች፣ ነፋስ በሌለበት በታሸገ ክፍል ውስጥ እንዴት ዞረች? የሚከብድ ነገር ነፋስ እያለም ይለግማል እንጂ ነፋስ ሳይኖር አይደንስም። አትመልስልኝ፤ እኔ ነኝ ሞኙ።

ወስኛለሁ። በሙት ዓመቱ ዝም እላለሁ። የዘሪሁን ዐይን ደክሞ ነበር፣ ተሳሳተ፣ አለቀ።

ለእታለማሁም ይህንኑ በስልክ ነገርኳት፤ የሚያጽናናት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ምን አለች መሰለህ? «ዐይኑ እንዲያ ደክሞ ከነበረ በሽታው ቀድሞ ይታይ ነበር ማለት ነው። እኔ ነኝ ያላየሁት። ቀድሜ ሐኪም ብወስደው ይተርፍ ነበር።» ስታለቅስ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ቀጥላ ደግሞ «ግን እኮ ኦገስት ላይ ዓብዩ ሱቁ ወስዶ ለክቶት፣ ‘የአሞራ ዐይን ነው ያለህ’ ብሎት እየሳቀ ነበር የመጣው» አለችኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። ነግረኸኝ አታውቅም። በአንድ ወር የሚሞት ምን ዓይነት የአሞራ ዐይን ነው?

እኔ የመነጽር ሐኪም አይደለሁም። አንተ ነህ።

ንጉሡ


አሌክሳንድሪያ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2012

ንጉሡ ወንድሜ፤

ለዝምታዬ ይቅርታ። ስምንት ሳምንት ሆነኝ። ቁጥሩን ልብ ብያለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ጠፍቷል። ይህን የምጽፈው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አራት መቶ መነጽር ከግድግዳው ሆኖ ያየኛል፤ አንዱም ዐይን የለውም። መለኪያህ ባንኮው ላይ በቀኜ ናት። ካልሲው ውስጥ ነበረች፤ ዘንድሮ ከሜይ ጀምሮ ካልሲው ሲርገበገብ ነው የከረመው። ዛሬ አወጣኋት። ስምንት።

ዋሽቼሃለሁ። ወንዙ ዳር ይዣት ስሄድ አቅራቢያው ያለው ናሽናል ኤርፖርት የሚያወጣውን የነፋስ ቁጥር በስልኬ ከፍቼ ነበር። እነሱ ሰባት አሉ፤ እሷም ሰባት አለች። አትከብድም። እንዲህ ዓይነት ታማኝ ዕቃ በዚያ ዋጋ አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያም አትግዛ ያልኩህ ይህንኑ ፈርቼ ነው።

ያን ቀን የጆሮ መድፈኛህን ከመኪና ልታመጣ ሄድክ። ስኮፕህ፣ የጠመንጃህ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ አቧራ ለብሶ ነበር። ታውቀኛለህ፣ ሌንስ ካየሁ እጄ አያርፍም። ወለወልኩት። ከዚያ የጎኑን ቁልፍ፣ ግራና ቀኝ የሚያርመውን፣ አሠራሩ እንዴት ነው ብዬ አዞርኩት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ደስ የሚል ድምፅ አለው። አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። ልመልሰው ነበር። ባንዲራው ተነሣ፣ ዘሪሁን ተጣራ፣ አንተ እየሮጥክ መጣህ፤ ረሳሁት።

መጀመሪያ ስትስት አስታወስኩ። ሁለተኛ ስትስት አፌን ከፈትኩ። ሦስተኛው ላይ ተነሥተህ ዘሪሁንን ስትሰድበው፣ የተቆጣኸው በእሱ ነውና አፌን ዘጋሁት። እናንተ ዕቃ ስትጭኑ ቁልፉን አሥራ ሁለት መልሼ አዞርኩት። ለዚህ ነው ቤትህ ገብተህ ስትፈትሸው ምንም ያላገኘኸው።

በአርባውም ያን ቃል የተናገርኩት ታሪኩን ስታነብ መስማት ስላልቻልኩ ነው። ድንጋዩ እጄን ሲያቃጥለኝ አንተ ላይ ወረወርኩት።

እታለማሁ ራሷን ትወቅሳለች ያልከው ጨረሰኝ። ዐይኑ ደህና ነበር። በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ። እንደሱ ዓይነት ዐይን በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ወንበሬ ላይ አልተቀመጠም።

ወደ እሷ መሄድ እፈልጋለሁ። ብቻዬን አልችልም። አብረኸኝ ብትሄድ አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም፤ መሐላህን አላፈርስብህም።

ዓብዩ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2012

ለዓብዩ፤

«ጡቤን ተሸክሜ ከወጣሁ በኋላ እታለማሁ ምን አለች?» ብለህ ጠይቀሃል። እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ጡቡ። ጥፋተኛ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ መጠየቁ የአባቶቻችን ወግ ነው፤ አከብራለሁ። የአባቶቻችን ድንጋይ ግን ዋጋው የተለጠፈበት፣ ከሱቅ የተገዛ የአትክልት ቦታ ንጣፍ አልነበረም። ቢያንስ ወረቀቱን ብትልጠው ምን ነበረበት? አንገትህ ላይ ወረቀቱ፣ እጅህ ላይ ደብተር፣ እንደ ዲዳ እየጻፍክ ለእታለማሁ ስታቀብላት፣ እሷ ጮክ ብላ ስታነብ፣ እኔ ደግሞ ድምፅህን እንዳልሰማ ስታስነጥስ ጆሮዬን ስደፍን፣ ዘሪሁን ቢያየን ኖሮ ዳግመኛ በሳቅ ይሞት ነበር።

ከወጣህ በኋላ አላለቀሰችም። ጓዳ ገባችና ሳትከፍተው ያስቀመጠችውን የዘሪሁንን የተኩስ ማስታወሻ ይዛ መጣች። «ሁለቱ አብረው ካልመጡ እንዳትሰጪ ብሎኝ ነበር። ለየብቻችሁ እየመጣችሁ ዓመት አደረጋችሁኝ» አለች። የሴፕቴምበሯ ገጽ እንዲህ ትላለች፤ ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ።

«8 ከቀኝ። ባንዲራ እኩሌታ። ንጉሡ ሦስት ሳተ፣ ሦስቱም እኩል ወደ ግራ። ነፋስ ሦስቴ እኩል አያስትም። ዓብዩ ስኮፑን ሲነካካ አይቻለሁ። ብናገር ሁለቱ ይጣላሉ። ጥፋቱ እኔ ላይ ይሁን።»

እንዳንጣላ ብሎ ዝም አለ። እኛ ደግሞ በአርባው ተጣላን። አየህ ምን ያህል እንዳከበርነው?

በሙት ዓመቱ ከኋለኛው ወንበር አንገትህን ደፍተህ ተቀምጠህ ነበር፤ የተናገርኩትን ሰምተሃል፤ አልደግመውም። «ዐይኑ ከሁላችንም ዐይን ይበልጥ ነበር» ስል እታለማሁ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። ያንን ግን ከኋላ ሆነህ አላየህም ይሆናል፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

አሁን ወደ መጨረሻው። የመለስክልኝን መለኪያ ከሙት ዓመቱ ስመለስ ቤዝመንት ወርጄ ምንጣፉ አጠገብ አስቀመጥኳት። በቀኝ። ዜሮ። በግራ። ዜሮ። ባትሪዋን ቀየርኩ። ማራገቢያዋን አውጥቼ አዲስ ተካሁ። እፍ ስልባት ትዞራለች፤ ደህና ናት። የቬንቱን ቴፕ ሳይቀር ላጥኩ። ዜሮ። ሸዋዓለም ደረጃው ላይ ቆማ «አሁንስ ምን አጣህ?» አለችኝ። ከኤፕሪል ጀምሮ የፈራሁት ቁጥር ነው የጠፋው፤ እኔ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሄዷል፣ ዓብዩ። በቀኝ ጆሮዬ «ጠብቅ…» ማለቱንም ትቷል።

አባ ወልደአምላክ መሐላውን እንዲፈቱልኝ ብጠይቅ «በነፍሱ ነው የማልከው፤ ባለቤቱ እሱ ነው፤ እኔ በሰው ንብረት አልገባም» አሉኝ። ልክ ናቸው።

እንግዲህ ቅዳሜ ጧት ሜዳው ላይ እንገናኝ። ምንጣፉን እኔ አመጣለሁ። በቀኜ ትተኛለህ። ስኮፑን ብትነካ እጅህን እቆርጠዋለሁ። ባንዲራውን አይተህ ነፋሱን ጥራልኝ፤ በደብተር ሳይሆን በገዛ ድምፅህ፣ ጮክ ብለህ። ድምፅህን ስሰማ ነፍሱ ልትፋረደኝ ትመጣለች።

ትምጣ። ናፍቃኛለች።

ንጉሡ